ኪሎ በሪንግ ውስጥ ስንት ይመዝናል?

መስከረም 4 ቀን 2018 ዓ.ም. እሁድ ማለዳ፣ ላስ ቬጋስ ላይ ገና ቅዳሜ ምሽት ሳለ፣ አሜሪካዊው ቦክሰኛ ቴሬንስ ክሮፎርድ ሜክሲኮአዊውን ካኔሎ አልቫሬዝን በሦስቱም ዳኞች ውጤት አሸነፈ፤ አንዱ ዳኛ 116 ለ112፣ ሁለቱ 115 ለ113 ሰጥተውታል። ክሮፎርድ ከዚያ በፊት የተጋጠመው በ69.9 ኪሎ ምድብ ነበር። ካኔሎን ለመግጠም ግን በመካከል ያለውን ምድብ ዘሎ ወደ 76.2 ኪሎ ወጣ። በዚያ ሳምንት ከፒያሳ እስከ አራት ኪሎ ባሉ ካፌዎችና የውርርድ ቤቶች ሲደጋገም የሰማሁት አስተያየት አንድ ዓይነት ነው፦ «ቴክኒክ ካለ ኪሎ ምንም አይደለም።» ከዚያ ቀደም ብሎ በከባድ ሚዛን ኦሌክሳንደር ኡሲክ በግዝፈት የሚበልጠውን ታይሰን ፉሪን በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ ሲያሸንፍም የተባለው ይኸው ነበር።

አስተያየቱ ግማሹ እውነት ነው። የቀረው ግማሽ ግን በዚህ ከተማ ቦክስ ለሚሠለጥን ወጣት አደገኛ ነው፤ በቴሌቪዥን ያየውን ይዞ ከእርሱ 12 ወይም 15 ኪሎ ከሚበልጥ ሰው ጋር ጓንት ያጠልቃልና። እኔ እንደምረዳው ክብደት ብቻውን አሸናፊ አይመርጥም። የሚወስነው እያንዳንዱ ተጋጣሚ ስንት ስህተት መሸከም እንደሚችል ነው፤ ስንት ስህተት እንደሚሠራ የሚወስነው ደግሞ ጥበቡ ነው። የግጥሚያው ውጤት ከሁለቱ ሂሳብ የሚወጣ ሲሆን፣ ሂሳቡም በሁሉም የክብደት ምድብ አንድ ዓይነት አይደለም። (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከቡጢው እንጀምር። በ1985 የታተመ አንድ የእንግሊዝ ጥናት የከባድ ሚዛን ቦክሰኛውን የፍራንክ ብሩኖን ቡጢ በመሣሪያ ለክቶ ነበር። ጡጫው ዒላማው ላይ ያረፈው በሰከንድ 8.9 ሜትር ፍጥነት ሲሆን፣ ከፍተኛው ኃይል 4,096 ኒውተን ሆኖ ተመዝግቧል፤ ይህም ከ400 ኪሎ በላይ የሆነ ነገር ከሚያሳርፈው ጫና ጋር የሚቀራረብ ነው። ይህን ያህል ኃይል ከክንድ ብቻ አይወጣም። ጥሩ ቡጢ ከኋላ እግር ይነሳል፣ ዳሌና ወገብ ሲዞሩ ያድጋል፣ በትከሻ አልፎ ጓንቱ ላይ ይደርሳል። ጡጫው በሚያርፍበት ቅጽበት የእጅ አንጓውና ክርኑ ካልጠበቁ፣ ወይም እግሩ መሬቱን ካልያዘ፣ የሰውነቱ ክብደት ከቡጢው ጋር ሳይሄድ ከኋላ ይቀራል። ስለዚህ የሠለጠነ የ60 ኪሎ ሰው በክንዱ ብቻ ከሚወረውር ያልሠለጠነ የ75 ኪሎ ሰው የበለጠ ሊመታ ይችላል። «ቴክኒክ ካለ» የሚሉት ሰዎች የሚያስታውሱት ይህን ነው፤ ትክክልም ናቸው።

የሚረሱት ግን ሌላውም ሰው ቴክኒክ ሊኖረው እንደሚችል ነው። ሁለቱም ቡጢውን ከእግራቸው ማንሳት ካወቁ፣ ከኋላው የሚገፋው ሰውነት ከባድ የሆነው ሰው ያይላል። በዚህ ላይ የሰው አካል አንድ የማያመች ጠባይ አለው፤ የአዋቂ ሰው ጭንቅላት ከነአንገቱ መነሻ አምስት ኪሎ ገደማ የሚመዝን ሲሆን፣ ሰውዬው 60 ኪሎ ቢሆን 110 ብዙም አይለወጥም። የአንገት ጡንቻ ጥቂት ያግዛል፣ አእምሮ ግን በራስ ቅል ውስጥ ያው ነው። ወደ ላይኛው የክብደት ምድብ በወጣን ቁጥር መቺው ክፍል ሲያድግ ተመቺው ክፍል ባለበት ይቀራል ማለት ነው። በከባድ ሚዛን ዝረራ የሚበዛበት ዋነኛው ምክንያት ይህ ነው፤ የኡሲክንና የፉሪን ግጥሚያ ለመረዳትም መነሻው እዚሁ ላይ ነው።

በግንቦት 2024 ሪያድ ላይ ሲገናኙ ፉሪ 118.8 ኪሎ፣ ኡሲክ 101.4 ኪሎ መዝነው ነበር። ፉሪ 2.06 ሜትር ሲረዝም ኡሲክ 1.91 ሜትር ነው፤ ሁለት እጅ ተዘርግቶ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሲለካ ደግሞ ፉሪ በ18 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይበልጣል። ኡሲክ በመጀመሪያዎቹ ዙሮች እየተጠጋ ፉሪን ወደ ኋላ ገፋው፤ ግራኝ በመሆኑም የፊት እግሩን ከፉሪ የፊት እግር ውጪ እያሳረፈ የግራ ቡጢውን መንገድ ይከፍት ነበር። በመካከል የነበሩት ዙሮች ግን የፉሪ ነበሩ። ከታች በሚመጣ አፐርከትና በሆድ ቡጢ ኡሲክን እያስቆመው፣ አንዳንዴም እጁን ወደ ኋላ አድርጎ እያላገጠ፣ ግጥሚያውን የያዘው ይመስል ነበር። በስምንተኛው ዙር የፉሪ ፊት ደማ። በዘጠነኛው ኡሲክ በግራ እጁ ካናወጠው በኋላ ሳያቋርጥ ደጋግሞ መታው፤ ፉሪ ከገመድ ወደ ገመድ ሲላተም ዳኛው ቆጠሩበት፣ ዙሩም አለቀ። ውጤቱ ሁለት ለአንድ ድምፅ ሆኖ፣ 115 ለ112 እና 114 ለ113 ለኡሲክ፣ 114 ለ113 ለፉሪ ተሰጠ። የተቆጠረበት ሰው ተጨማሪ ነጥብ ስለሚያጣ፣ ያ አንድ ቆጠራ ባይኖር ኖሮ ውጤቱ ሌላ ሊሆን ይችል እንደነበር ነጥቦቹ ይናገራሉ።

የበለጠ የሚያስተምረው ግን የታኅሣሡ ድጋሚ ነው። ፉሪ በግዝፈቱ ሊጫነው አስቦ ይመስላል፣ 127.5 ኪሎ ሆኖ መጣ፤ በመካከላቸው የነበረው ልዩነት ወደ 25 ኪሎ ሰፋ። ኡሲክ በሦስቱም ዳኞች 116 ለ112 አሸነፈው። ከመጀመሪያው ግጥሚያ ይልቅ የኪሎው ልዩነት ሲሰፋ የነጥቡም ልዩነት ለትንሹ ሰው ሰፋ ማለት ነው።

ይህ እንዴት ይሆናል ቢባል፣ መልሱ ከፊል ቀድሞ በተነሳው የጭንቅላት ጉዳይ ላይ ነው። አንድ ሰው 100 ኪሎ ገደማ ሲደርስና ቡጢውን በትክክል መወርወር ሲችል፣ በምድር ላይ ያለን ማንኛውንም ሰው ለመዘረር የሚበቃ ኃይል አለው። ከዚያ በላይ የሚጨመረው ኪሎ «የበቃ» በሆነ ኃይል ላይ የሚደረብ ሲሆን፣ ዋጋው ግን በየዙሩ ይከፈላል፤ 12 ዙር ማለት 36 ደቂቃ በእግር መሥራት ነው፣ ልብና ሳንባ ደግሞ ከሆድ ጋር እኩል አይሰፉም። ዴቪድ ሄይ በ2009 ኑረምበርግ ላይ 2.13 ሜትር የሚረዝመውን ኒኮላይ ቫሉዬቭን ሲያሸንፍ በክብደት 45 ኪሎ ገደማ ያንስ ነበር። ግጥሚያው አሰልቺ ነበር ቢባል ሐሰት አይደለም፤ ሄይ መትቶ ይሸሻል፣ ቫሉዬቭ ዞሮ ሲደርስ ሄይ እዚያ የለም። ሮይ ጆንስ በ2003 በ87.5 ኪሎ 15 ኪሎ ገደማ የሚበልጠውን ጆን ሩዊዝን በነጥብ አሸንፎ የከባድ ሚዛን ቀበቶ የያዘውም በዚሁ ሂሳብ ነው። ከሁሉ የሚያስደነግጠው የድሮው ነው፤ በ1919 ጃክ ዴምፕሲ ከ26 ኪሎ በላይ የሚበልጠውን ጄስ ዊላርድን በመጀመሪያው ዙር ብቻ ሰባት ጊዜ መሬት ላይ ጣለው።

እንግዲህ የኡሲክ ድል እውነተኛ ትምህርት ያለው ለከባድ ሚዛን ነው። ወደ ታች ሲወረድ ሂሳቡ ይገለበጣል፤ በአዲስ አበባ የስልጠና አዳራሾች የሚታየው አብዛኛው ወጣት ደግሞ ያለው ታች ነው። በ51 ኪሎና በ57 ኪሎ መካከል ያለው ስድስት ኪሎ ከትንሹ ሰው ሰውነት ከ11 በመቶ በላይ ነው፤ እዚያ ደግሞ የሚጨመረው ኪሎ «የበቃ» ላይ የሚደረብ አይደለም። ባልበቃ ኃይል ላይ ስለሚጨመር እያንዳንዱ ግራም ይሠራል።

ኬል ብሩክን እንውሰድ። በ66.7 ኪሎ የዓለም ሻምፒዮን ሆኖ ሳለ በመስከረም 2016 ለንደን ላይ ጌናዲ ጎሎቭኪንን ለመግጠም ወደ 72.6 ኪሎ ወጣ። በሁለተኛው ዙር አፐርከቱ ገብቶ አዳራሹን አስጩኾ ነበር፤ በፍጥነትም በእጅ አወጣጥም አላነሰም። ነገር ግን የጎሎቭኪን ቡጢዎች የቀኝ ዓይኑን ዙሪያ አጥንት ሰበሩት፤ በአምስተኛው ዙር አሰልጣኙ ፎጣ ወርውሮ ግጥሚያውን አስቆመ። ጡንቻ በወራት ስልጠና ይጨመራል፣ የፊት አጥንት ግን አይወፍርም። በዚያው ዓመት በግንቦት አሚር ካን እንዲሁ ከ66.7 ኪሎ ምድብ ተነስቶ ካኔሎን በ70.3 ኪሎ ሲገጥም፣ አምስት ዙር በፍጥነቱ ሲያስቸግረው ቆይቶ በስድስተኛው በአንድ የቀኝ ቡጢ ተዘረረ። ካን በአምስቱ ዙር ስንት ትክክለኛ ነገር እንደሠራ የሚያስታውስ ሰው ጥቂት ነው፤ የሠራው ስህተት አንድ ነበር፣ መሸከም የሚችለውም አንዱንም አልነበረም።

ሁለቱም ተጋጣሚዎች በጥበብ የተካከሉ ሲሆኑ ደግሞ ኪሎ ራቁቱን ይታያል። በታኅሣሥ 2017 ኒውዮርክ ላይ ጊየርሞ ሪጎንዶና ቫሲሊ ሎማቼንኮ ሲገናኙ፣ ሁለቱም እያንዳንዳቸው ሁለት የኦሎምፒክ ወርቅ ነበራቸው። ሪጎንዶ ከ55.3 ኪሎ ወደ 59 ኪሎ ሁለት ምድብ ወጥቶ ነበር። ከስድስት ዙር በኋላ በወንበሩ ላይ እንዳለ ግጥሚያውን አቆመ፤ ምክንያቱን የግራ እጁ ጉዳት ነው ቢልም፣ ከዚያ በፊትም ራሱን ዝቅ እያደረገና እየተያያዘ ከመቆየት በቀር የሚያደርገው አልነበረም። ካኔሎም ቢሆን ወጥቶ የተሸነፈበት ጊዜ አለ፤ በግንቦት 2022 በ79.4 ኪሎ ዲሚትሪ ቢቮልን ሲገጥም በሦስቱም ዳኞች 115 ለ113 ተሸንፏል።

ታዲያ ክሮፎርድስ? እዚህ ላይ «ትንሽ» የሚለው ቃል ያሳስታል። በሚዛኑ ላይ ሁለቱም 76 ኪሎ ገደማ ነበሩ፤ ቁመታቸውም ይቀራረባል። ክሮፎርድ ግን እጁ ሲዘረጋ 188 ሴንቲ ሜትር ሲሆን የካኔሎ 179 ነው። ከታች የመጣው ሰው በክንድ ርዝመት ዘጠኝ ሴንቲ ሜትር ይበልጥ ነበር ማለት ነው። በዚህ ላይ ግራኝ ነው፤ ጃቡን፣ ማለትም የፊት እጁን ቀጥተኛ ቡጢ፣ እየጣለ ካኔሎ የሚወደው ርቀት ላይ እንዳይደርስ ከለከለው፤ ካኔሎ በመጨረሻ ሲደርስም ከአንድ ቡጢ ውጪ ሳያገኝ ክሮፎርድ ወደ ጎን ወጥቷል። ሰው በኪሎ ብቻ አይገዝፍም። ክንድ፣ ቁመት፣ የትከሻ ስፋት፣ የአጥንት ውፍረት፣ እነዚህ ሁሉ በአንድ ቁጥር አይገቡም፤ በቀበቶ ፖስተር ላይ የሚጻፈው ግን አንዱ ቁጥር ብቻ ነው። ለውርርድ የሚቀመጡ ሰዎች ቢያንስ የክንዱን ርዝመት ቢያዩ ደህና ነው እላለሁ፤ ባይወራረዱ ደግሞ የበለጠ።

በተቃራኒው ጫፍ ያለውን በአጭሩ ላንሳ። ግዙፍ ሆኖ የፕሮፌሽናል ቦክስ ልምድ የሌለው ሰው አንድ ቡጢ ሊያገኝ ይችላል፤ ከቅይጥ ማርሻል አርት የመጣው ፍራንሲስ ንጋኑ በጥቅምት 2023 ፉሪን በሦስተኛው ዙር የጣለው እንዲህ ነው፤ ፉሪም በጠባብ ውጤት ነው የተረፈው። ከአራት ወር ገደማ በኋላ የቀድሞው የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን አንቶኒ ጆሹዋ ይህን ዕድል ሊሰጠው አልፈለገም፣ በሁለተኛው ዙር ዘረረው። በዩቲዩብ ታዋቂ ሆኖ ወደ ቦክስ የገባው ጄክ ፖል በታኅሣሥ 2025 ማያሚ ላይ ራሱን ጆሹዋን ሲገጥም ደግሞ ኪሎውም ጥበቡም በአንድ ወገን ነበሩ፤ በስድስተኛው ዙር አለቀ፣ መንጋጋውም ተሰበረ። ስለዚያ ግጥሚያ ትንታኔ የሚያስፈልግ አይመስለኝም።

በቴሌቪዥን የማይታይ አንድ ነገር አለ፤ እሱን ለማየት ከሪንግ ገመድ አጠገብ መቆም ያስፈልጋል። አራት ኪሎ አካባቢ ባለ አንድ የስልጠና አዳራሽ፣ ከቀኑ 11 ሰዓት በኋላ፣ በ57 ኪሎ የሚወዳደር ልጅ ከ70 በላይ ከሚመዝን ጓደኛው ጋር ሲለማመድ አይቻለሁ። በሁለቱ የመጀመሪያ ዙሮች ትንሹ ልጅ ጌታ ነበር። ጃቡን ጥሎ ወደ ግራ ይወጣል፣ ትልቁ ሲዞር ሌላ ጃብ ይጠብቀዋል። በሦስተኛው ዙር ትልቁ ጃቡን በግንባሩ ተቀብሎ ዝም ብሎ ገባ፤ አቀፈው፣ ክንዱን ማጅራቱ ላይ አሳረፈ፣ ክብደቱን ለቀቀበት። አልመታውም። እንዲያ ሦስት አራት ጊዜ ሲያደርገው የትንሹ ልጅ ባት መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ጃቡም ከትከሻው በታች ወረደ። የስልኩ ማንቂያ ሲጮህ ልጁ ጉልበቱን ይዞ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ።

«ኮች፣ እኮ አልመታኝም!»

«አልመታህም። ተደግፎህ ነው የጨረሰህ» አለው አሰልጣኙ፣ የጓንቱን ማሰሪያ እየፈታለት።

በየዙሩ 10 ለ9 እያለ የሚቆጥር ዳኛ ይህን አይመዘግበውም፤ የሚያየው ከሁለት ዙር በኋላ ነው፣ ጃቡ መምጣት ሲያቆም። ትልቁ ሰው ክብደቱን ከመምቻነት ይልቅ እንደ ሸክም ሲጠቀምበት ጥበብ ይደክማል፤ ምክንያቱም የትንሹ ሰው ጥበብ ያለው እግሩ ላይ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች በመሆኗ ይህ ድካም ቶሎ ይመጣል፤ ለትልቁም ቢሆን ይመጣል እንጂ፣ ትልቁ ግን ሲደክመው የሚደገፍበት ሰው አለው።

የክብደት ምድብ የተፈጠረው ይህን ሁሉ ለማስቀረት ነው። የለንደኑ ናሽናል ስፖርቲንግ ክለብ በ1909 ስምንት ምድቦችን ደነገገ፤ ዛሬ በፕሮፌሽናል ቦክስ በተለምዶ 17 ሲሆኑ ከ47.6 ኪሎ ጀምረው ከ90.7 በላይ እስከ ወሰን የለሹ ከባድ ሚዛን ይደርሳሉ። ነገር ግን ምድብ ባለበት ሚዛን የማታለል ጥበብም አለ። ፕሮፌሽናሎች የሚመዘኑት ከግጥሚያው በፊት ባለው ቀን በመሆኑ፣ ውሃቸውን አፍስሰው መዝነው በማግስቱ ሌላ ሰው ሆነው ይመጣሉ። በየካቲት 2000 አርቱሮ ጋቲ በ64 ኪሎ ተመዝኖ ጆይ ጋማሺን ሲገጥም 72.6 ኪሎ ደርሶ ነበር፤ ጋማሺ በሁለተኛው ዙር ተዘረረ፣ ከዚያ በኋላም አልተጋጠመም። ከዓለም አቀፍ የቀበቶ ድርጅቶች አንዱ የሆነው አይቢኤፍ በዋንጫ ግጥሚያዎቹ በማግስቱ ጠዋት ድጋሚ መዝኖ ከምድቡ ወሰን ከ4.5 ኪሎ በላይ ማለፍን ሲከለክል የቆየው ለዚህ ነው።

የእኛ ልጆች የሚገኙበት አማተር ቦክስ የሚመዝነው በግጥሚያው ዕለት ጠዋት ነው፤ ውሃ አፍስሶ መልሶ ለመጠጣት ጊዜ የለም። ውሃ የጎደለው ሰውነት ሙቀቱን መቆጣጠር ያቅተዋል፣ ልቡ ይፈጥናል፣ እግሩ ይከብደዋል፤ ማለትም ትንሹ ሰው የሚተማመንበትን ነገር ቀድሞ ያጣል። የሁዳዴ ጾም ላይ ውድድር ሲገጥም ነገሩ ይብሳል፤ ኪሎው ሳይደክሙበት ይወርዳል፣ የወረደው ግን ስብ ብቻ አለመሆኑ የሚታወቀው በሁለተኛው ዙር ነው።

በዚህ ላይ የኦሎምፒክ ምድቦች እስከ ፓሪስ 2024 ድረስ እየተራራቁ መጥተው ነበር። ለወንዶች በሪዮ 2016 አሥር የነበሩት በቶኪዮ ስምንት፣ በፓሪስ 2024 ሰባት ሆኑ፦ 51፣ 57፣ 63.5፣ 71፣ 80፣ 92 እና ከ92 በላይ። የተቀነሱት ለሴቶች ምድብ ቦታ ለመስጠት ሲሆን እሱ ተገቢ ነው፤ ውጤቱ ግን በፓሪስ በተፈጥሮው 60 ኪሎ የሆነ ወጣት ቤት አልባ መሆኑ ነበር። ወይ ሦስት ኪሎ አውርዶ 57 ላይ ከደረቁ ልጆች ጋር ይጋጠም፣ ወይ በ63.5 ከ66 ወርደው ከመጡ ሰዎች ጋር ይገናኝ ነበር።

እንዲህ በሁለት ምድብ መካከል ለሚቀር ልጅ በእኔ ግምት ምርጫው የሚጀምረው ከዕድሜ ነው። 17 ዓመት የሆነውና ገና የሚረዝም ልጅ እንዲቀንስ መገፋት የለበትም፤ ኪሎው ይመጣል። ዕድገቱን የጨረሰ ከሆነ ክንዱ ይለካ፤ ረጅም ክንድና ፈጣን እግር ያለው ከርቀት የሚገጥም ልጅ በላይኛው ምድብ ሊኖር ይችላል፤ ክንዱ አጭር ሆኖ ተጠግቶ የሚመታ ልጅ ግን እዚያ የሚመታውን ያህል ይደገፉበታል። ውሳኔው የሚደረገው ደግሞ ሚዛን ላይ ቆሞ ሳይሆን፣ በላይኛው ምድብ ከሚወዳደሩ ልጆች ጋር ለጥቂት ሳምንታት ተለማምዶ በሦስተኛው ዙር ጃቡ የት ቁመት ላይ እንዳለ ታይቶ ነው።